በየልጁ ልክ የሚሰፋ ሕግ

ዝም ብሎ የቆመ ሰው አይለካም። ይህን የማያውቅ ልብስ ሰፊ የሰው ጨርቅ ሲያበላሽ ይኖራል። ሰው ሜትሩ ወገቡ ላይ ሲዞር ሳያስበው ሆዱን ይስባል፣ ደረቱን ይነፋል፣ ትንፋሹን ውጦ ይይዛል፤ የሚያስለካው የሆነውን ሳይሆን ሊሆን የሚመኘውን ሰውዬ ነው። ልብሱ ሲደርስ ታዲያ ቁልፉ ከቀዳዳው አልገናኝ ይላል፣ ጥፋተኛውም ልብስ ሰፊው ይሆናል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ማስወራት። የሚያወራ ሰው ሆዱን መሳብ ይረሳል።

ሰፈሩ ሁሉ «መቀስ» እያለ የሚጠራው ልብስ ሰፊ ይህችን ዘዴ ከአሠሪው ሲማር ገና ጢም አላበቀለም ነበር። ቅጽል ስሙ ግን ከዕቃው ሳይሆን ከምላሱ የመጣ ነው። ለየወቅቱ የሚሆን ጥያቄ አያጣም። የኳስ ሰሞን ስለ ኳስ፣ የፈተና ሰሞን ስለ ፈተና፣ ዝናብ ሲጠፋ ስለ ዝናብ እየጠየቀ ስንቱን አስወርቶ ለክቷል። እንዲህ ሲጠይቅ ኖሮ ኖሮ መጠየቁ አመል ሆኖበት ቀረ። ሰው ሲናገር የት ላይ ሲደርስ እንደሚደናቀፍ ማየት ለእሱ ትርዒት ነው፤ ያውም በነፃ።

የዚያ ሰሞን ጥያቄ ፍለጋ አላስወጣውም። ከካውያው በላይ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠችው ሬዲዮ ራሷ አመጣችለት። ዕድሜው የደረሰ ወጣት ሁሉ፣ ወንድ ሴት፣ የሀብታም የድሃ ሳይባል፣ አንድ ዓመት ከቤቱ ወጥቶ አገሩን በጉልበቱ ያገልግል የሚል ረቂቅ ሕግ ቀርቧል። መንገድ ይጠግናል፣ ችግኝ ይተክላል፣ የውኃ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ጧሪ የሌላቸውን አዛውንት ይንከባከባል። ሕጉ እስኪጸድቅ ሕዝብ ይወያይበት፤ እስከዚያው በፈቃዱ ለሙከራው ዙር የሚመጣ ካለ ይመዝገብ፣ አለች ሬዲዮዋ።

«ሕዝብ ይወያይበት!» አለ መቀስ፣ በከንፈሩ የያዛቸውን ስፒሎች ሳይተፋ። «ሰማሽ ሚጣ? ዛሬ ገና ሕዝብ ሆንን።»

ሚጣ ልጁ ናት። ስሙ የሕፃን ነው እንጂ እሷ እንኳ አድጋ፣ በቁመት አልፋው፣ መስኮቱ ሥር ባለችው የስፌት መኪና ላይ ከተቀመጠች ቆይታለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱም ሱቁም የሁለቱ ነው። እግሯ ፔዳሉ ላይ፣ ዓይኗ የምትሰፋው ኮሌታ ላይ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ባለታክሲው ነው፤ ሱሪ ሊያስለካ።

«እስቲ ንገረኝ፣ ይሄን የወጣቶቹን ነገር እንዴት አየኸው?» አለው መቀስ፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ።

«ጋሼ፣ ይሂዱ እንጂ! ቢሄዱ ነው የሚሻላቸው። ጆሯቸው ላይ ገመድ ሰክተው ይገቡና መውረጃቸው ሲያልፍ እኔን ይሰድቡኛል። አካፋ ይያዙ፣ ልብ ይገዛሉ።»

«ታናሽ ወንድምህም ይሄዳላ።»

ባለታክሲው አንገቱን አከከ። «እሱማ... ኳስ ተጫዋች አይደል? ስፖርተኛን መንካት የለባቸውም። እግሩ ቢጎዳስ?»

«ተጠባባቂ ነው ብለኸኝ አልነበር?»

«ተጠባባቂም እግር አለው ጋሼ!»

ከሰዓት በኋላ ፋርማሲስቷ ነጭ ጋዋኗን ልታስጠብብ መጣች። እሷም ሕጉን ወደደችው። ወጣት ያለ ሥራ ሲውል በሽታ ነው አለች፤ እሷ ጋ የሚመጣው ግማሹ ራስ ምታት የሥራ ፈት ራስ ምታት ነው። የራሷ ልጅ ግን አስም አለበት።

«ትናንት ኳስ ሊያወጣ አጥር ሲዘል ያየሁት እሱ አይደል እንዴ እህቴ?» አለ መቀስ።

«አጥሩ አቧራ የለበትማ» አለች፣ ሳትስቅ።

ተቋራጩ ደግሞ ሲገባ ከደጅ ጀምሮ እየጮኸ ነው። ያለ ልዩነት! ማንም ማን አይቀርም! አገር የሚገነባው በላብ ነው! ሆዱ ቀድሞት መስተዋቱ ፊት ቆመ፤ እሱን ለመለካት ሜትሩን ብቻ ሳይሆን ትዕግሥትንም ማስረዘም ያስፈልጋል። «በእርግጥ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ውጭ አገር የሚማር ልጅ ካለ፣ እሱ ትምህርቱን ማቋረጥ አይገባውም።»

«ልጅዎ ውጭ ነው እንዴ የሚማረው ጌታዬ?»

«ሊሄድ ነው።»

«መቼ?»

«ሕጉ ሲጸድቅ።»

መቀስ ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ አንድ ነገር ይዞ ይናገር ጀመር። «እኔ ይሄን ያህል ዘመን ስሰፋ እንዲህ ያለ ጨርቅ አላየሁም» ይላል። «ሕጉን ያልወደደ ሰው የለም። ግን ሁሉም በየልጁ ልክ እንዲሰፋለት ነው የሚፈልገው። አንዱ እጅጌው ይጠር ይላል፣ አንዱ ወገቡ ይስፋ ይላል። ልጅ የሌለው ሰው ብታገኝ፣ እሱ ብቻ በልኩ ይሰፋ ይልሃል!» ሰዉ ይስቃል። የራሱ ነገር የተነገረበት ሰው ሳይቀር ይስቃል፤ በሌላው የተነገረ መስሎት።

እሱ ራሱ የሕጉ ደጋፊ ነበር፤ ያውም ከልቡ። ምክንያቱ ግን የአገር ፍቅር ብቻ አይደለም። ወጣት እያለ ተመሳሳይ ጥሪ ወጥቶ ነበር። ወጣቶች ወደ ገጠር ወጥተው ያስተምሩ፣ ይቆፍሩ ተባለ። እሱም ሸሚዙን ተኩሶ ከእኩዮቹ ጋር ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተሰለፈ። ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ወጣት መምህር ተቀምጧል፤ ጫማው ያብረቀርቃል። ስንተኛ ክፍል ነህ ብሎ ጠየቀው። ትምህርቱን ማቋረጡን ነገረው። መምህሩ ቀና እንኳ ሳይል «ያልተማረ ምን ሊያስተምር ይሄዳል?» አለና «ቀጣይ!» ብሎ ተጣራ።

ያቺ «ቀጣይ» የምትባል ቃል እስከ ዛሬ ጎኑ ውስጥ እንደ ተሰበረ መርፌ ትወጋዋለች። የባሰው ደግሞ እኩዮቹ ለብሰው የሄዱትን ሸሚዝ ኪስ የገጠመው እሱ መሆኑ ነው፤ ሥራው አሠሪው ሱቅ መጥቶ ነበር። እነሱ እየዘፈኑ መኪና ላይ ሲወጡ እሱ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ኪሶቹን አያቸው። አንዱም አልተንሻፈፈም። ሲመለሱ እሱ የማያውቀውን ወሬ ይዘው መጡ። ዛሬም፣ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ በየለቅሶው በየሠርጉ ሲገናኙ ያንን ዘመን ያነሳሉ፤ እሱ አንድ ቃል ጣል ሲያደርግ «አንተ እንኳ አልነበርክም» ይሉታል። የተማረ ሰው ሰውን ሲሰድብ አይታወቀውም፤ እውነት የተናገረ ይመስለዋል።

ያ መምህር ኋላ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሆነ፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል፣ ሱሪውንም የሚያሰፋው መቀስ ጋ ነው። የዚያን ቀን ማንን እንደመለሰ አያስታውስም። መቀስም አንስቶበት አያውቅም። የግራውን እግር ብቻ ከቀኙ በጣት ስፋት ያሳጥርበታል። ቂም ይዞ ጸሎት አይሆንም ይባላል፤ ቂም ይዞ ስፌት ግን ይሆናል። ዳይሬክተሩ አንድ እግሬ ረዘመ ብሎ ሐኪም ዘንድ ሄዶ፣ ሐኪሙ እግርዎ እኩል ነው ቢለው «ታዲያ ሱሪዬ ሁሉ ምን ነክቶት ነው?» ማለቱ በሰፈሩ ይወራል።

በዚያው ሳምንት ዳይሬክተሩ አዲስ ጨርቅ ይዞ ብቅ አለ።

«እህሳ ጋሽ ዳይሬክተር» አለ መቀስ ተንበርክኮ፣ ሜትሩን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አድርጎ፣ «የወጣቶቹን ነገር ምን ይላሉ?»

«ዘግይቷል! ይሄ ትውልድ ልቅ ነው። እኛ በዘመናችን ማን አስገደደን? ጥሪው ሲመጣ ዘለን ነው የወጣነው።»

«እርስዎ እንኳ ጠረጴዛው ጋ ነበሩ።»

«ምን አልክ?»

«እግርዎን ቀጥ ያድርጉ አልኩ።»

ዳይሬክተሩ እግሩን አስተካከለና ወደ መስኮቱ ዞሮ ሚጣን አያት። «ያንተዋስ? እሷም መድረሷ ነው አይደል? ሕጉ ከወጣ መሄዷ ነዋ።»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። መቀስ አላሰበበትም፤ ቃሉ ራሱ እንደ ክር ተመዞ ወጣ። «ሚጣ? ኧረ እሷ ሥራ የያዘች ናት! የእጅ ሙያ ያለው ወጣትማ ነፃ መሆን አለበት። እንዲህ ያለው በተቀመጠበት አገሩን እያገለገለ አይደል?»

ዳይሬክተሩ ሳቀ። እየሳቀ ሳል ያዘው። «አንተ መቀስ! ሁሉም ሕጉን በየልጁ ልክ ያሰፋል እያልክ ሰፈሩን ስትሰድብ ሰንብተሃል አሉ። የራስህን በየትኛው ሜትር ለካኸው?»

መስኮቱ ሥር የነበረችው መኪና ድምፅዋ ቆመ። መቀስ ቀና ብሎ ልጁን ለማየት አልደፈረም። የሳሙና ቁራጩን አንስቶ ጨርቁ ላይ ምልክት አደረገ። የዚያ ሱሪ ግራ እግር ከወትሮው ይበልጥ አጠረ።

ዳይሬክተሩ ከወጣ በኋላ መኪናዋ መልሳ መንጫጫት ጀመረች፤ ሬዲዮዋም ደዋዮቿን ማስተናገድ ቀጠለች። አንዱ ደዋይ ወጣቱ ይገደድ ይላል፣ ሌላዋ ባርነት ነው ትላለች፣ ሦስተኛው የደወለበትን ረስቶ ስለ መብራት መጥፋት ያማርራል። መቀስ እየሰማ አንድ ነገር ገረመው። ከደወሉት ሁሉ ሊሄድ የሚገባው ወጣት አንድም አልነበረም።

እሑድ የሚጣ የአክስቷ ልጅ ልታገባ ነበር፤ መቀስም ለሚጣ ጃኬት ሊሰፋላት ቃል ገብቷል። ለብዙ ጊዜ ለማንም ሳይሸጥ ያስቀመጣት ጥሩ ሰማያዊ ጨርቅ ነበረችው። ሱቁን ከመዝጋታቸው በፊት «ነይ ቁሚ» አላት። መስተዋቱ ፊት ቆመች። ደረቷን ለካ፣ ወገቧን ለካ፣ ትከሻዋን ለካ። ሳል አለ፣ ግን ምንም አልተናገረም። በማግስቱ ቆረጠው፣ ሰፋው፣ ገበር አገባበት። በየመሃሉም በራሱ ሥራ ተደስቶ ያፏጭ ነበር።

ስትለብሰው አልዘጋም አለ። በትንሽ አይደለም፤ ሁለቱ ዳርና ዳር እንደተጣሉ ጎረቤታሞች ተራርቀው ቆሙ።

መቀስ ደነገጠ። ይህን ያህል ዘመን ሲሰፋ እንዲህ ያለ ስሕተት ሰርቶ አያውቅም፤ ያውም በገዛ ልጁ። «ወፍረሻል?» አላት።

«ከትናንት ወዲህ?»

«ታዲያ ምንድነው ይሄ?»

«ትንፋሼን ይዤ ነበር አባዬ።»

«ለምን? አንቺ የልብስ ሰፊ ልጅ አይደለሽ? አታውቂም?»

«አንተስ ልብስ ሰፊ አይደለህ?» አለችው። «ሰዉን ሁሉ ስትጠይቅ ሰነበትክ። ባለታክሲውን ጠየቅክ፣ ተቋራጩን ጠየቅክ፣ አድራሻ ጠፍቶት የገባውን ሰውዬ እንኳ ጠየቅክ። ትናንት እኔ ስቆም አሁን ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሜትሩ ወገቤ ላይ ሲደርስ ይጠይቀኛል አልኩ። ትከሻዬ ላይ ሲደርስ ይጠይቀኛል አልኩ። ትንፋሼ እዚያው ቀረ።»

መቀስ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ጃኬቱን አወለቀላትና ወደ መስተዋቱ አዞራት።

«እሺ። ስለ ወጣቶቹ ነገር ምን ትያለሽ?»

«ሕጉ ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም» አለች ሚጣ። «አንተም አታውቅም፤ እነዚያ የሚደውሉትም አያውቁም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። አስገድደው ከወሰዱኝ በኋላ፣ በራሴ እሄድ እንደነበርና እንዳልነበር መቼም ማወቅ አልችልም።»

«ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልሻል?»

«እንጃ። ማወቅ እፈልጋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚህ መኪና ላይ ነኝ። መስፋት ወድጄ ይሁን፣ ያንተ ልጅ ስለሆንኩ ብቻ ይሁን፣ እሱንም አላውቅም። እጄ ሌላ ነገር ይችል እንደሆነ ሞክሬው አላውቅም። ምዝገባው ያለበት ወጣት ማዕከል ሄጄ ጠይቄያለሁ። የሙከራው ዙር ምዝገባ ነገ ያበቃል። ለኔ ዕድሜ ደግሞ ከቤት አንድ ሰው ቀርቦ መፍቀድ አለበት።»

መቀስ ለመናገር የፈለገው ብዙ ነበር። ስለ መንገዱ ርቀት፣ ስለ ብርድ፣ ስለ ሰው ክፋት። ከአፉ የወጣው ግን «መርፌ ውስጥ ክር ማን ሊያስገባልኝ ነው?» የሚል ነው።

«መነጽር ያስገባልሃል። ግዛ ብዬ አፌ ሞተ።»

«መነጽር የሽማግሌ ነው!»

«አንተስ?»

ተናደደ። ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «እኔ ለምኜ፣ ተሰልፌ፣ ሸሚዝ ተኩሼ የተከለከልኩትን!» ብሎ ጀመረ።

«አውቃለሁ። እሱን እየሰማሁ ነው ያደግኩት።»

«እና አንቺን ማን ይከለክልሻል? እንደኔ ያልተማርሽ አይደለሽ፣ አካልሽ ሙሉ! ማን ነው የሚከለክልሽ?»

«አንተ» አለች ሚጣ።

መቀስ ቁጭ አለ። ሌላ ቀን ቢሆን «ምን ስላልኩሽ ነው?» ብሎ ይሟገታል። አሁን ግን ከጠረጴዛው ወዲያኛው ወገን፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ አድርጎ፣ ቀና ሳይል የተቀመጠው ማን እንደሆነ ታየው። ጃኬቱን ስቦ ጭኑ ላይ አደረገና መፍታት ጀመረ። ጎንና ጎኑ ላይ ትርፍ ጨርቅ ትቶበት ነበር፤ ጥሩ ልብስ ሰፊ ምንጊዜም ትርፍ ይተዋል። ሚጣ መርፌውን ተቀብላ ክር አገባችለት።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ወጡ። የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ በሰው ተጨናንቋል፤ ከየልጁ ጋር አንድ ወላጅ፣ ከአንዳንዱም ጋር ዘመድ አዝማድ ሁሉ። አንዲት እናት ልጇን እያባበለች «ሂድ፣ ሂድ» ትላለች፣ ሌላዋ የልጇን ክንድ ይዛ «ቅር፣ ቅር» ትላለች። መቀስ ጠረጴዛውን ሲያይ የድሮው ትዝ ብሎት ቆም አለ። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ግን ገና ጢሙን ያልጨረሰ ወጣት ነበር። ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠው።

«ይቀመጡ አባቴ።»

መቀስ ተቀመጠና ጥያቄውን ዘረገፈው። የት ነው የሚያድሩት? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ጣሪያው ያፈሳል? አዛዡ ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ይጮኻል? ልጅቱ ባትወደውስ መመለስ ትችላለች? የተሰለፈው ሰው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ኋላ ግን ጆሮውን አቆመ፤ ሁሉም ማወቅ የፈለገውን ነበር የሚጠይቅለት። ወጣቱም ያወቀውን መለሰ፣ ያላወቀውን አላውቅም አለ። መቀስን ያሳመነው ይሄ «አላውቅም» ነው።

«ታዲያ ይፈቅዳሉ?»

«እፈቅዳለሁ።»

«አልሰማሁዎትም አባቴ።»

«እፈቅዳለሁ አልኩህ! ይሄ ሁሉ ሰው ሰምቶ አንተ ብቻ አልሰማህም?»

ወጣቱ ፈገግ አለና ዓይኑ መቀስ አንገት ላይ ቆመ። ሜትሩ እዚያው ተንጠልጥሏል፤ ጠዋት እንደ ልማዱ ጣል አድርጎት ወጥቶ። «ልብስ ሰፊ ነዎት እንዴ? እግዜር ነው ያመጣዎት! ካምፑ ውስጥ የልብስ ክፍል አለን፤ የተቀደደውን የሚሰፋ ሰው አጥተን ተቸግረናል። ልጅዎ ትሰፋለች?»

መቀስ ወንበሩ ላይ ቀጥ አለ። በጣሪያ ሥር ትቀመጣለች ማለት ነው። ፀሐይ አይነካትም፣ አካፋ አትይዝም፣ እጇም ከሥራው አይወጣም። ዓመቱ ሲያልቅ ተመልሳ መስኮቱ ሥር ካለችው መኪና ላይ ቁጭ ትላለች፤ ሄዳም እንዳልሄደች። ልጁን ቀና ብሎ አያት። ሚጣ ጣቶቿን ቀስ አድርጋ ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«እሷ?» አለ መቀስ፣ አዳራሹ እስኪሰማ። «እሷ እንኳን ልብስ ቁልፍ አትተክልም! መኪና ላይ ካስቀመጥካት ጣቷን ነው የምትሰፋው። ሸሚዛችሁን ለእሷ ብትሰጡ ራሳችሁን በእጅጌው ታስገባላችሁ፣ እጃችሁን በአንገቱ!»

ሰዉ ሳቀ። ከሰልፉ መሃል ሚጣ የሰፋችላትን ቀሚስ የለበሰች ጎረቤታቸው ቀሚሷን ዝቅ ብላ አይታ፣ መቀስን አይታ፣ አፏን ከፍታ ቀረች።

«እንዲያ ከሆነ ምን ትችላለች?» አለ ወጣቱ።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እሷን ጠይቃት።»

ወጣቱ ወደ ሚጣ ዞረ። ሚጣ ትንሽ አሰበች። «ጉድጓድ ቁፋሮው ጋ ቦታ አለ?» አለች።

ቦታ ነበረ።

ከአዳራሹ ወጥተው ደረጃውን ሲወርዱ ሚጣ ከንፈሯን ነክሳ ቆይታ አልቻለችም። «ጣቷን ነው የምትሰፋው?»

«ቀስ ብለሽ ሳቂ» አላት መቀስ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ። «ያቺ ቀሚስ የሰፋሽላት ሴትዮ እየመጣች ነው።»